ዲቃላው አምፕሊፋየርና የአባቴ ሸክላዎች

አባቴ ሲያርፍ አርባ አንድ ሸክላ ትቶልኝ ሄደ። ማጫወቻውን ግን አልተወልኝም። እኔ አራስ ሳለሁ፣ በ1983 ዓ.ም. ግርግር፣ ያ በአራት እግሩ የሚቆመው ባለ ሣንቃ ሬዲዮ ግራሞፎን ተሸጦ የቤት ኪራይና የጤፍ መግዣ ሆኗል። አባቴ ከዚያ ወዲያ ካሴት ቢገዛም፣ ኋላም እኛ ልጆቹ ሲዲ ብናመጣለትም ጥቂት አዳመጥ አድርጎ፣ “ደህና ነው፤ ድምፁ ግን እዚያ ቀረ” ይል ነበር። “እዚያ” ሲል በተሸጠው ሣጥን ውስጥ ማለቱ ነው።

ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ባለፈው ዓመት ስድስት ወር ሙሉ ከጽሑፍ ያገኘኋትን አጠራቅሜ ያንን “እዚያ የቀረ” ድምፅ ፍለጋ ወጣሁ። ፍለጋው የጣለኝ ደግሞ ግማሽ አካሉ ቫልቭ፣ ግማሽ አካሉ ትራንዚስተር ከሆነ መሣሪያ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ ድቅል ይሉታል። እኔ ስሙን ሳላሳምር ዲቃላ እለዋለሁ።

እንዲህ ባለ መጽሔት መጻሕፍትና ቴያትር ሲተቹ እንጂ አምፕሊፋየር ሲተች መች አየን? የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እስቲ ነገሩን በዚህ ዓይን እንየው። የሩሲያን ልብ ወለድ በአማርኛ ስናነብ በደራሲውና በእኛ መካከል ተርጓሚ አለ። ተርጓሚው ታማኝ ነው ወይስ ከራሱ ስኳር እየጨመረ ያቀርብልናል? ብለን እንጠይቃለን፤ እንተቸዋለንም። በድምፃዊውና በጆሯችን መካከል የቆመው አምፕሊፋየርም ተርጓሚ ነው። ከመርፌው የምትመጣውን ኢምንት የኤሌክትሪክ ምልክት ተቀብሎ ስፒከር የሚያንቀሳቅስ ጉልበት ያደርጋታል። ለተርጓሚ የምናቀርበው ጥያቄ ለርሱም ይገባዋል።

ወደ ገደለው ልግባ።

ቫልቭ ማለት አየሯ ተመጥጦ የወጣ የብርጭቆ ብልቃጥ ናት። በውስጧ እንደ አምፖል የሚግል ክር አለ። ክሩ ሲያግለው ካቶድ የተባለው ክፍል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ እነርሱም አኖድ ወደተባለው ክፍል ይጎርፋሉ። በመካከላቸው ግሪድ የምትባል ወንፊት መሳይ ሽቦ ቆማለች። ይህች ሽቦ እንደ መስኖ በር ናት፤ ጥቂት ስትነቃነቅ ብዙ ውኃ ትለቃለች ወይም ትገድባለች። ማጉላት ማለት ይኸው ነው። እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 ባለ ሁለት ክፍሏን ሠራ፤ አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት በ1906 ሦስተኛውን ክፍል ጨመረባት። ከዚያ በኋላ ዓለም ሬዲዮ የሰማው ለአርባና ለሃምሳ ዓመታት ያህል በዚህች ብልቃጥ ነበር።

ትራንዚስተር በ1947 መጨረሻ በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ተወለደ። ባርዲን፣ ብራተይንና ሾክሊ በ1956 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፍለውበታል። አይግልም፣ ቶሎ አይሰበርም፣ ባትሪ ይበቃዋል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ለስፒከር የሚያስፈልገውን ብዙ ከረንት ያለ ችግር ይሰጣል። ቫልቭ በተፈጥሮዋ ከፍተኛ ቮልቴጅና ጥቂት ከረንት ናት፤ ባለ 8 ኦም ስፒከር በቀጥታ ለመንዳት አቅም ያንሳታል። ስለዚህ ሙሉ የቫልቭ አምፕሊፋየር በመውጫው ላይ ትራንስፎርመር ይሻል። ትራንስፎርመሩ ብረትና መዳብ ስለሆነ ይከብዳል፤ ጥሩ የሆነው ደግሞ ውድ ነው።

ዲቃላው ከዚህ ችግር ለማምለጥ የመጣ ነው። ፊት ለፊት፣ ምልክቷ ገና ለጋ ሳለች፣ ቫልቭ ይቀበላታል፤ ከኋላ፣ ጉልበት ሲያስፈልግ፣ ትራንዚስተር ይረከባታል። የመውጫው ትራንስፎርመር ይቀራል። ሐሳቡ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠሩ የአሜሪካ መኪና ሬዲዮዎች ቫልቭና ትራንዚስተር አዳብለው ይሠሩ ነበር፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ለቤት ሙዚቃ የሚሆኑት ዲቃላዎች በአሜሪካና በአውሮፓ ተበራክተዋል። “ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” ይላል የአገሬ ሰው። የሻጮቹም ስብከት ይኸው ነው፤ የቫልቭ ጣዕም፣ የትራንዚስተር ጉልበት። እኔን ያስጨነቀኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ነገሩ ሁለት ባላ ነው? ወይስ ከሁለት ያጣ?

በመጀመሪያ ይህ “ጣዕም” የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ እንወቅ። ማንኛውም ማጉያ ከተሰጠው ድምፅ ላይ ጥቂት የራሱን ይጨምራል። 440 ንዝረት ያላት ኖታ ስትገባበት 880 እና 1320 ንዝረት ያላቸውን ጥቃቅን ጥላዎች አብሮ ያወጣል። 880 የዚያችው ኖታ ኦክታቭ ናት፤ ዜማውን አትቃረነውም፣ ታወፍረዋለች። ቀላል የሆነ የቫልቭ ሥራ በአብዛኛው የሚጨምረው ይህችን ነው። ከዚያ በላይ የሚወጡት ጥላዎች ግን እየራቁ በሄዱ ቁጥር ከዜማው ጋር አይስማሙም፤ ጆሮ ላይ ይሻክራሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትራንዚስተር ስሙ የጠፋው በነዚህ ነበር። ዛሬ በደንብ የተሠራ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ሁሉንም ጥላዎች ከመቶ ከአንድ እጅ በብዙ ያነሱ አድርጎ ሊያስቀራቸው ይችላል። እንግዲህ “ሞቃት ድምፅ” የምንለው፣ ከፊሉ ቢያንስ፣ ተርጓሚው የጨመረው ስኳር ነው ማለት ነው። ጣፋጭ ሊሆን ይችላል፤ ታማኝነት ግን አይባልም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል። ሙሉ የቫልቭ አምፕሊፋየርን ከሌላው እንድንለየው የሚያደርገን አብዛኛው ጠባይ የሚመጣው ከመውጫው ነው፤ ከትላልቆቹ ቫልቮችና ከትራንስፎርመሩ። መውጫው ስፒከሩን ጥብቅ አድርጎ ስለማይዘው የስፒከሩ የራሱ አመል በድምፁ ላይ ይታያል። ከአቅም በላይ ሲጮህም ድንገት ከመቆረጥ ይልቅ ቀስ እያለ ይተኛል። ዲቃላው ግን የጣለው ይህንኑ ክፍል ነው። መውጫው ትራንዚስተር በመሆኑ ስፒከሩን እንደ ትራንዚስተር ይይዛል፤ አቅሙ ሲያልቅም እንደ ትራንዚስተር ይቆረጣል። በፊት ለፊቱ ያለችው ብልቃጥ የምትጨምረው ጥቂት ኦክታቭ ብቻ ነው፤ እርሷንም ሠሪው ከፈቀደላት።

ሌላም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ቦብ ካርቨር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ለስቴሪዮፋይል መጽሔት አዘጋጆች አንድ ግዳጅ ገባላቸው። እናንተ የመረጣችሁትን ውድ አምፕሊፋየር አምጡ፤ የኔን ርካሽ ትራንዚስተር በጥቂት ቀን ውስጥ አስመስለዋለሁ አለ። የቀረበለት የቫልቭ አምፕሊፋየር ነበር። የሁለቱን ድምፅ እያስተያየ፣ ልዩነታቸውን እየለካና እያጠበበ ከሠራ በኋላ አዘጋጆቹ ደጋግመው አዳምጠው መለየት እንዳልቻሉ በገዛ መጽሔታቸው አመኑ። ሙቀቱ በብርጭቆ ውስጥ የታሰረ ነፍስ ሳይሆን የሚለካና የሚቀዳ የምግብ አሠራር ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ገንዘቤን ከከሰከስሁ በኋላ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ የመርካቶ ሱቅ ገብቼ ሁለት ቫልቮች በአናቱ ላይ የበቀሉበት ትንሽ ሣጥን አየሁ። ቫልቮቹ ከሥራቸው እንደ ከሰል ፍም ቀልተዋል። ሻጩ፣ “እህቴ፣ ይኼ እኮ የድሮው ድምፅ ነው፤ ሸክላም፣ ስልክም፣ ቴሌቪዥንም ያጫውታል” አለኝ። ዋጋውን ስጠይቅ ያጠራቀምሁት ግማሹን ነበር። ከፈልሁ።

ቤት ወስጄ የሸክላ ማጫወቻውን ገጥሜ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ አስቀመጥሁበት። የወጣው ድምፅ ብርጭቆ ውስጥ የተያዘ ትንኝ ነው። ቤዝ የለ፣ ከበሮ የለ፤ የሲምባልና የ“ሰ” ፉጨት ብቻ። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ “ምን ሆነብሽ፣ ተበላሸ እንዴ?” አለችኝ። እኔም በቫልቮቹ ፈረድሁ፤ አርጅተዋል አልሁ።

ሣጥኑን ይዤ በሰፈራችን ዕድሜ ልካቸውን ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድሁ። ገና ሳይከፍቱት መነጽራቸውን አስተካክለው ጀርባውን አዩና፣ “ልጄ፣ የሸክላ መግቢያ የታለው?” አሉኝ። ነገሩን ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው። ከሸክላ መርፌ የሚወጣው ምልክት በተለመደው የማግኔት ካርትሪጅ 5 ሚሊቮልት ያህል ነው፤ ከሲዲ ወይም ከስልክ ከሚመጣው በመቶ እጅ ያንሳል። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ካልተቀነሰ መስመሩ ሰፍቶ አንዱ ከአንዱ ይጋጫል። ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ የሸክላውን ቻቻታ እንዲበልጥ ከፍ ይደረጋል። ከ1954 ጀምሮ የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች በአንድ መጠን ተስማምተዋል፤ ዓለምም ተከትሏቸዋል። በ50 ንዝረት ላይ ቅነሳው 17 ዴሲቤል ያህል ነው። ይህን መልሶ የሚያስተካክል የፎኖ ክፍል ከሌለ የሚሰማው የእኔው ትንኝ ነው።

“ቫልቮቹስ ጋሼ?” አልኋቸው። ሣጥኑን ፈቱት። ከእያንዳንዷ ብልቃጥ ሥር ቀይ የምታበራ የጌጥ መብራት ተለጥፋለች። የአኖዱን ቮልቴጅ ለኩ፤ 24 ቮልት። ለእንዲህ ያለችው ቫልቭ የሚገባት ከ100 እስከ 250 ነው። ከዚያ አጠፉና፣ ጥቂት ቆይተው፣ ሁለቱንም ነቅለው ስልኬን ገጥመው መልሰው ከፈቱት። ማሕሙድ መዝፈኑን ቀጠለ።

“ልጄ፣ እነዚህ ምን አጠፉ?” አሉ እየሳቁ፤ “ደመወዝ ሳይሰፈርላቸው ለበር ጌጥ የተቀጠሩ ናቸው።”

ልብ ይሏል፤ ማጭበርበሩ ሁሉንም ዲቃላ አይመለከትም። ለሙያቸው የሚቆረቆሩ ሠሪዎች አሉ። ሱቅ ሳትከፍሉ በፊት አኖዱ በስንት ቮልት እንደሚሠራና ቫልቯ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመች ጠይቁ። መልሱን የማያውቅ ሻጭ መብራቱን እየሸጠላችሁ ነው። ከፍቶ መለካት ግን የባለሙያ ሥራ ነው፤ በትክክለኛው ዲቃላ ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ከጠፋም በኋላ ይገድላል።

አዛውንቱ ባለቤቱ ውጭ አገር ሲሄድ ለሽያጭ የተወላቸውን አንድ የአውሮፓ ዲቃላ አዋሱኝ። ፊት ለፊቱ ሁለት ኢ.ሲ.ሲ. 83 ቫልቮች፣ አኖዱ 180 ቮልት፣ ጉልበቱ 50 ዋት፣ የሸክላ መግቢያም አለው። ወንድሜ ደግሞ ባለ 60 ዋት ተራ ትራንዚስተር አለው። ሁለቱን ልናወዳድር ተቀመጥን።

ውድድሩ እንዲህ ነበር። አንድ የፎኖ ሣጥን ለሁለቱም እንዲመግብ አደረግን። የድምፃቸውን መጠን በጆሮ ሳይሆን በቮልት መለኪያ አስተካከልን፤ ጥቂት የጮኸው ሁልጊዜ “የተሻለ” መስሎ ይሰማልና። ወንድሜ ከመጋረጃ በስተኋላ ሳንቲም እየወረወረ ይቀያይራል፤ እኔ የቱ እንደሆነ እጽፋለሁ። አሥራ ስድስት ጊዜ ሞከርን። ዘጠኙን አገኘሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ብገምትም ስምንቱን አገኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ባልጽፈው በወደድሁ። መጋረጃው ተነሣ፤ ቫልቮቹ ደብዘዝ ብለው ሲበሩ እያየሁ አዳመጥሁ። አሁንማ ልዩነቱ ወለል ብሎ ተሰማኝ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ፣ “ድምፁ ደረት አለው፤ ሳክስፎኑ ይተነፍሳል” ብዬ ጻፍሁ። ወንድሜ ፈገግ አለ። ዲቃላው በርቶ ነበር እንጂ ስፒከሩን ይዞ የነበረው የርሱ ትራንዚስተር ነው።

ስለ ድምፅ የሚጻፍ ሂስ ስንቱ ከዚህ ደብተር የተሻለ እንደሆነ እንጃ። ያፈርሁት ስለተሳሳትሁ ብቻ አይደለም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሳሳምር በእውነት የሰማሁ መስሎኝ ነበር። ዓይን ለጆሮ ምስክር ሲሆን የሚገኘው ፍርድ እንዲህ ያለ ነው።

በመጨረሻ የሸክላዎቹን ድምፅ የለወጠው ምን ሆነ? አዛውንቱ መርፌዬን በማጉያ መነጽር አይተው፣ “ይቺ ማረሻ ሆናለች፤ ሸክላውን እያረሰችው ነው” አሉኝ። አዲስ መርፌ ገዛሁ። ሸክላዎቹን በተጣራ ውኃና በጥቂት ሳሙና አጥቤ፣ ለስላሳ ጨርቅ ጠርጌ አደረቅኋቸው። ያንን ልዩነት ለመስማት መጋረጃም ሳንቲምም አላስፈለገም፤ እናቴ ከወጥ ቤት ሆና ሰማችው። የዓለማየሁ እሸቴ ድምፅ ከአቧራው ውስጥ ወጣ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን የሸክላ ድርጅት ሲያቋቁም ሕጉ የማሳተሙን መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ይሰጥ ነበር። ያንን አጥር ጥሶ ያወጣቸው ሸክላዎች ዛሬ በውጭ አገር በውድ ይፈለጋሉ፤ እኛ ቤት ግን ሣጥን ውስጥ ተደራርበው ይቧጨራሉ። ስለ አምፕሊፋየር ከመጨነቃችን በፊት ልንጨነቅለት የሚገባው ይኸኛው ነው።

እንግዲህ ዲቃላ ልትገዙ ላሰባችሁ የምለው ይህን ነው። ለዋቱ ቁጥር አትደንግጡ፤ በ50 እና በ60 ዋት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ዴሲቤል አይሞላም፤ 100 ዋት እንኳ ከ50ው የሚበልጠው በ3 ዴሲቤል ነው። በእጥፍ የጮኸ ያህል እንዲሰማችሁ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከዚህ ይልቅ ስፒከራችሁ በአንድ ዋት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ጠይቁ። ሸክላ ካላችሁ የፎኖ መግቢያውን በዓይናችሁ እዩ። ቫልቮቿ በቀላሉ የሚገኙ ዓይነት ይሁኑ፤ ኢ.ሲ.ሲ. 82 እና 83 ዛሬም በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ይሠራሉ። እነዚህ ትናንሽ ቫልቮች በደንብ ከተያዙ ብዙ ሺህ ሰዓት ያገለግላሉ፤ በቀን ሦስት ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው ዓመታት ነው። መብራት በሚጠፋበትና በሚመላለስበት ከተማችን ስታቢላይዘር መግዛትን እንደ ቅንጦት አትቁጠሩት። ከሁሉ በፊት ግን ስፒከርና መርፌ፤ ከዚያ በኋላ ነው አምፕሊፋየር። ገንዘብ ካልተረፋችሁ ጥሩ ትራንዚስተር ይበቃችኋል፤ ምንም አልቀረባችሁም።

በበኩሌ ዲቃላውን ገዛሁት። ከዚህ ሁሉ በኋላ? አዎን። የሸክላ መግቢያው ጥሩ ነው፤ ዋጋውንም አዛውንቱ ቀነሱልኝ። ነገር ግን እውነቱን ልናገር። የአባቴ ግራሞፎን ከፊት እስከ ኋላ ቫልቭ፣ አንድ ስፒከርና አንድ የእንጨት ሣጥን ነበር። የርሱን ድምፅ ይህ መሣሪያ አያመጣውም፤ የትኛውም አያመጣውም። እናቴን ስጠይቃት አባቴ ማታ ማታ መብራት አጥፍቶ በግራሞፎኑ ብርሃን ብቻ ያዳምጥ እንደነበር ነገረችኝ። የኔም ቫልቮች በጨለማ ጥቂት ይበራሉ። ትርፉን የከፈልሁት ለዚያ ነው። ለጆሮዬ አይደለም፤ ስለዚህ ማንም ለጆሮው ብሎ ይክፈል አልልም።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ መብራቱን አጥፍቼ አንዱን ሸክላ አስቀመጥሁ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ አጠገቤ ተቀመጠች። ደስ ያላት መስሎኝ ድምፁን ጥቂት ከፍ አደረግሁላት።

“ዝቅ አድርጊው” አለችኝ፤ “ጎረቤት አለ። አባትሽንም እንዲሁ ነበር የምለው።”

ዝቅ አደረግሁት።